ሻርሎት እምቢ ብላ ነበር
(ስለ ሱዛና ሮውሰን ሕይወትና ሥራ)

ስለ አሜሪካ ልብ ወለድ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከነሆውቶርንና ከነሜልቪል ነው። ከነሱ በፊትስ ማን ነበር? ተብሎ ቢጠየቅ አንዳንዱ ኩፐርን ይጠራል፤ ሌላው ዝም ይላል። ዝም በምንልበት ቦታ ላይ ግን አንዲት ሴት ቆማለች። ስሟ ሱዛና ሮውሰን ይባላል። ዛሬ «ሻርሎት ቴምፕል» በሚል ስም የሚታወቀው ልብ ወለዷ በ1791 ለንደን ላይ፣ በ1794 ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ከ200 ጊዜ በላይ ታትሟል። የሃሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎት ቶም ጎጆ» በ1852 እስኪወጣ ድረስ በአሜሪካ ምድር እንደሱ የተሸጠ ልብ ወለድ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ይህን ያህል የተነበበ መጽሐፍ ለምን ከሐያስያን መዝገብ ተፋቀ? መልሱ አጭር ነው፤ ያስለቅሳል ተብሎ ነው። ሌዝሊ ፊድለር በ1960 ስለ አሜሪካ ልብ ወለድ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ስለ ሻርሎት ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ቢጽፍም የድርሰቱን ሥነ ጽሑፋዊ ዋጋ ከምንም አልቆጠረውም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ካቲ ዴቪድሰን የምትባል ተመራማሪ የጥንት አንባቢዎች በመጻሕፍቱ ኅዳግና ሽፋን ላይ የጻፉትን እየፈለገች ስትመረምር ቆይታ በ1986 ውጤቱን አሳተመች፤ በዚያው ዓመትም «ሻርሎት ቴምፕል»ን እንደገና ለኅትመት አበቃችው። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች የገባው።

ቢሆንም ዛሬም ድረስ ሁለት ፍርዶች ይሰማሉ። አንደኛው «እንባ ብቻ ነው፤ ፍሬ የለውም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ስብከት ነው፤ አባት እናቷን ያልሰማች ልጅ ትሞታለች ከማለት አያልፍም» ይላል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። የኛ አቋም እንዲህ ነው፦ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ተራኪዋ የምትለውና ትዕይንቱ የሚያሳየው አንድ አይደሉም። ተራኪዋ ስለ ልብ ድካም ትሰብካለች፤ ትዕይንቱ ግን ሻርሎትን የገደላት የገንዘብ፣ የደብዳቤና የሥራ እጦት መሆኑን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ደራሲዋም ብትሆን የቀረ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ሻርሎት ያጣችውን ነገር ለሌሎች ልጃገረዶች ለመስጠት በመሥራት ነው። ይህን በቅደም ተከተል ለማሳየት እንሞክራለን። ድካሟንም አንሸፋፍንም።

ሀ. የደራሲዋ ሕይወት

ሱዛና ሃስዌል በ1762 ፖርትስመዝ በምትባለው የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደች። እናቷ በወሊዱ ምክንያት ሞተች። አባቷ ዊልያም ሃስዌል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ነበርና ማሳቹሴትስ ተመድቦ ሄደ፤ እዚያው ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጁንም በ1767 ወደዚያው አስመጣት። የመጣችበት መርከብ ቦስተን ወደብ አፍ ላይ ከደረሰች በኋላ በክረምት ማዕበል ተመትታ ተሰበረች። አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ሕፃን አሜሪካን ያወቀችው እንዲህ ነው። ይህን አደጋ በኋላ «ርብቃ» በተባለው በ1792 በታተመው ልብ ወለዷ ውስጥ አስገብታዋለች።

ያደገችው ናንታስኬት በሚባል የባሕር ዳር መንደር፣ በአባቷ መጻሕፍት መካከል ነው። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ጠበቃና የነፃነት ተከራካሪ ጀምስ ኦቲስ ገና በልጅነቷ «ትንሿ ምሁር» እያለ ይጠራት ነበር ይባላል። ይሁንና ወዲያው ጦርነቱ መጣ። በ1775 አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ሲነሡ የንጉሡ መኮንን የሆነው አባቷ ንብረቱን ተወርሶ ከነቤተሰቡ በቁጥጥር ሥር ዋለ። በመጀመሪያ ሂንግሃም፣ ቀጥሎ አቢንግተን ወደሚባል ገጠር ተወሰዱ። በ1778 በእስረኛ ልውውጥ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። እንግዲህ አስቡት፤ በ13 ዓመቷ ግዞት፣ በ16 ዓመቷ ስደት። ሰው የሚያርፍበት ጣሪያ በአንድ ቀን ከላዩ ሊነሣ እንደሚችል ሱዛና ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም።

ለንደን ከደረሱ በኋላ ቤተሰቡ ደኸየ። ሱዛና በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። በ1786 «ቪክቶሪያ» የተባለ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አሳተመች። በዚያው ዓመት ዊልያም ሮውሰን የሚባል የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ አገባች። ሰውየው በንጉሡ ፈረሰኛ ዘብ ውስጥ መለከት ይነፋም ነበር። ንግዱ ከሰረ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ነበረው፤ እሱንም ያሳደገችው እሷ ነች። በዘመኑ የእንግሊዝም ሆነ የአሜሪካ ሕግ ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የባሏ ነው። ሮውሰን ባሏን በብዕሯ እየረዳች የብዕሯ ዋጋ ግን በሕግ የሱ ነበር ማለት ነው።

ብዕሩ ብቻውን አላበላቸውም፤ ስለዚህ ባልና ሚስቱ ወደ ቲያትር ገቡ። በ1793 ቶማስ ዊግኔል የሚባለው የቲያትር ሰው ለፊላደልፊያ ተዋንያን ሲመለምል እነሱንም ይዟቸው ሄደ። ሮውሰን ትተውናለች፤ ተውኔት ትጽፋለች፤ ዘፈን ትገጥማለች፤ በመሐሉ ልብ ወለድ ታወጣለች። በ1796 ወደ ቦስተን ተዛወረች። በ1797 መድረኩን እርግፍ አድርጋ ትታ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። እስከ 1822 ድረስ አስተማረች። በመጋቢት 1824 ቦስተን ውስጥ ሞተች።

ለ. ታሪኩ ባጭሩ

ሻርሎት ቴምፕል የ15 ዓመት ልጅ ነች። ቺቸስተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ትማራለች። አንድ ሞንትራቪል የሚባል ወጣት መኮንን ያያትና ይመኛታል። ወደ አሜሪካ ጦርነት ሊዘምት ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ላ ሩ የምትባለውን ፈረንሳዊት መምህርት ገንዘብ አስጨብጦ በሷ በኩል ልጅቱን ያገኛታል። ኒው ዮርክ ስንደርስ እንጋባለን ይላታል። ጉዳዩ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ምክንያቱም የሞንትራቪል አባት ኑሮህን የማያቃና ጋብቻ ብትፈጽም ከኔ የምታገኘው ነገር የለም ብሎ አስጠንቅቆታል። ልጅቱ ከነሱ ጋር ባሕር ተሻገረች። ኒው ዮርክ ላይ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ተከራየላት፤ አረገዘች፤ ጋብቻው ቀረ። እሱ ሀብታሟን ጁሊያ ፍራንክሊንን አገባ። ሻርሎት የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷት ተባረረች፤ በበረዶ በእግሯ ከተማ ገባች፤ በድሃ ሰው ጎጆ ውስጥ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሊፈልጋት ባሕር አቋርጦ የመጣው አባቷ እጅ ላይ አስረክባት ሞተች።

ታሪኩ ይኸው ነው። ሴራው ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ በዚያ ዘመን በሽ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ሮውሰን በዚህ በተለመደ ታሪክ ውስጥ ምን አስቀመጠች? የሚለው ነው።

ሐ. በሠረገላው ደጃፍ

ብዙ ሰው ሻርሎት «ኮበለለች» ይላል። እስቲ ቦታውን ገልጠን እናንብበው። ከመሄጃው ቀን አስቀድሞ ከናቷ ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ልደቷን ልናከብርልሽ ስለሆነ አያትሽ መጥቶ ይወስድሻል የሚል ነው። ሻርሎት ደብዳቤውን አንብባ ቆረጠች። አልሄድም አለች። ለላ ሩም ነገረቻት። ሞንትራቪል ዘንድ የሄደችው ለመኮብለል ሳይሆን አልመጣም ብላ ልትሰናበተው ነው።

ቀጥሎ ያለውን በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። ሠረገላው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሞንትራቪል ይለምናል፤ ያስፈራራል። እሷ ምን ላድርግ ብላ ትጨነቃለች። እሱም እኔ ልምራሽ ብሎ አንሥቶ ሠረገላው ውስጥ ያስገባታል። ሠረገላው ሲንቀሳቀስ የወላጆቿን ስም እየጠራች ትጮኻለች፤ ራሷንም ትስታለች። ምዕራፉ እዚህ ላይ ያበቃል።

እንግዲህ እንፍረድ። ይህች ልጅ ወስና ነበር። ውሳኔዋም «እምቢ» ነበር። ከእምቢታዋ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ክንድ የሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ተራኪዋ ብቅ ትልና ልጆቼ ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ስሙ እያለች ትመክራለች። ምክሩን የሰማ ሐያሲ «ስብከት ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ትዕይንቱን ያየ ግን ወዲያው የሚጠይቀው ነገር አለው፦ ያነሣት ማን ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሻርሎትን ስንወቅስ የኖርነው የሰውየውን ክንድ ላለማየት ይመስላል።

ሮውሰን ይህን ሳታውቀው ነው የጻፈችው የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። ልጅቱን በፈቃዷ ሠረገላ ላይ ማውጣት ለደራሲዋ እጅግ ይቀልላት ነበር፤ ስብከቱም ይበልጥ ይሰምርላት ነበር። የእናትየውን ደብዳቤ፣ ውሳኔውን፣ ጩኸቱን፣ ራስ መሳቱን አንድ በአንድ የደረደረችው ዝም ብላ አይደለም። ለነገሩ ስብከቱ መጽሐፉ ወደ አባወራው ቤት እንዲገባ የሚያስፈልግ የይለፍ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን ልብ ወለድ ልጃገረዶችን ያበላሻል እየተባለ በመድረክና በጋዜጣ ይወገዝ ነበርና።

መ. ገንዘብና ደብዳቤ

ሁለተኛው ነጥባችን ሻርሎትን የገደላት ምንድን ነው? የሚለው ነው። ተራኪዋን ብንጠይቃት «ፍቅር» ትለን ይሆናል። ምዕራፎቹ ግን ሂሳብ እንደሚሠራ ሰው ወጪና ገቢውን ያሳዩናል።

በመጀመሪያ ደብዳቤውን እንይ። ሻርሎት ከእንግሊዝ ሳትወጣ ለናቷ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ሞንትራቪል ደብዳቤውን ቀዶ ባሕር ውስጥ ጣለው። ወላጆቿ የት እንዳለች እንዳያውቁ ያደረጋቸው የሷ ኃጢአት ሳይሆን ይህ የተቀደደ ወረቀት ነው። ኒው ዮርክ ላይ ቦሻም የምትባል ደግ ጎረቤት አግኝታ በሷ በኩል የተላከው ደብዳቤ ሲደርስ አባቷ ወዲያው ተነሥቶ መጥቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ሞንትራቪል ጨካኝ ተደርጎ አልተሳለም። ሲተዋት እንኳ ለመኖሪያዋ የሚሆን ገንዘብ ለጓደኛው ለቤልኩር ሰጥቷል። ቤልኩር ገንዘቡን ለራሱ አስቀረ። ከዚህም በፊት ይኸው ሰው ልጅቱ ተኝታ ሳለ አጠገቧ ጋደም ብሎ ሞንትራቪል እንዲያየው በማድረግ ከዳችኝ ብሎ እንዲያምን አድርጎታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። የባለቤቲቱ ኪራይ መጠየቅ፣ መባረሩ፣ በረዶው፣ ሁሉም የሚመጡት ያ ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የሁለቱ ሴቶች ንጽጽር ነው። ጁሊያ ፍራንክሊን ከሻርሎት የተሻለች ደግ፣ የተሻለች ጨዋ ሆና አልቀረበችም። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ጁሊያ በእጇ የራሷ ሀብት አለ። ሀብት ስላላት ትመረጣለች፤ ሀብት ስላላት መምረጥም ትችላለች። ሮውሰን የገንዘቡን ነገር ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንሥታ አዘጋጅታዋለች። የሻርሎት አያት ሽማግሌው ኤልድሪጅ በዕዳ ታስሮ ነበር፤ አባቷ ሄንሪ ቴምፕል ሽማግሌውን ለማስፈታት ሀብቱን አስይዞ፣ ባለጸጋ ሚስት እምቢ ብሎ ነው የሻርሎትን እናት ያገባው። ቴምፕል ገንዘብን ለፍቅር ሠዋ፤ ሞንትራቪል ፍቅርን ለገንዘብ ሠዋ። በመካከሉ ልጅቱ አንዲት ሳንቲም የራሷ ሳይኖራት ኖራ ሞተች።

ደጅ መልሳ የዘጋችባትም ላ ሩ ነች። ይህች ሴት መርከብ ላይ ሳለች ክሬይተን የሚባል ኮሎኔል አጥምዳ አግብታ እመቤት ሆናለች። በበረዶ ደጇ የቆመችውን ልጅ አላውቃትም አለች። ልጅቱን ያስጠጋት የቤቱ አሽከር ነው፤ ወደ ድሃ ጎጆ ወሰዳት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኮሎኔል፣ መኮንንና እመቤት ሞልተዋል፤ በር የከፈተው ግን አሽከር ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሣን አይቀር የመጽሐፉን የራሱን ዕጣም እናንሣ። ፊላደልፊያ ላይ ያተመው ማቲው ኬሪ በ1812 ለደራሲዋ በጻፈው ደብዳቤ ሽያጩ ከ50,000 ቅጂ በላይ ማለፉን ነግሯታል። ኬሪ ብቻ ሳይሆን አታሚ የሆነ ሁሉ አትሞታል። በ1790 የወጣው የአሜሪካ የደራስያን መብት ሕግ የሚጠብቀው ዜጎችንና ነዋሪዎችን ነበር፤ በውጭ አገር ሰው ተጽፎ በውጭ አገር የታተመን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ማተም አይከለክልም። ለውጭ ደራስያን ጥበቃ የተሰጠው በ1891 ነው። «ሻርሎት» ደግሞ መጀመሪያ የታተመው ሮውሰን ለንደን ሳለች ነው። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ አታሚዎች በመጽሐፏ ሲከብሩ እሷ በ1797 የትምህርት ቤት ደወል ልትደውል ሄደች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ሠ. ድካሟ

እስካሁን ደራሲዋን ስናወድስ ቆይተናል፤ ሂስ ግን ውዳሴ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ተራኪዋ ትበዛለች። ትዕይንቱ ሲጠነክር ጣልቃ ትገባለች። ይህ መጽሐፍ ለልጄ አይሆንም የምትል ጨዋ እናት ታስባለች፤ ለሷ መልስ ትሰጣለች። አሰለቸኝ የሚል አንባቢ ታስባለች፤ ለሱም መልስ ትሰጣለች። አንዳንዴ ይህ ጨዋታ ያምራል፤ እንደ ተዋናይት ከመድረኩ ጫፍ ቆማ ተመልካቹን ስታነጋግር እናያታለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ራሱን ችሎ የሚቆመውን ትዕይንት በምርኩዝ ታስደግፈዋለች።

ሁለተኛ፣ ፍርዷ ሚዛኑን ይስታል። ላ ሩ በመጨረሻ ደኽይታ፣ ታማ፣ ወደ ቴምፕል ደጃፍ መጥታ ትሞታለች። ሞንትራቪል ግን ቤልኩርን በፍልሚያ ገድሎ፣ ታሞ ድኖ፣ ከሀብታም ሚስቱ ጋር ይኖራል፤ ቅጣቱ መቃብሯ ላይ እየሄደ መተከዝ ነው። እርግጥ ዓለሙም እንዲሁ ነበር ይባል ይሆናል። ይሁንና ፈረንሳዊቷ መምህርት የክፋት ሁሉ ምንጭ ተደርጋ መሳሏ የባዕድ ጥላቻ ያለበት ቀላል መፍትሔ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ስለ ነፃነት ያላት አነጋገር ነው። በ1794 «ባሮች በአልጀርስ» የተባለ ተውኔት ጽፋ ፊላደልፊያ ላይ አሳየች። በዚያን ጊዜ አሜሪካውያን መርከበኞች አልጀርስ ውስጥ ተማርከው ነበርና ወሬው ትኩስ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ሴቶች ለነፃነት ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ሮውሰን ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ ሴቶች መግዛት ይገባቸዋል እያለች በቀልድ ተናገረች። በዚህ የተናደደው ዊልያም ኮቤት በ1795 ባሳተመው ጽሑፍ ዘለፋት። ጆን ስዋንዊክ የሚባል የምክር ቤት አባል ደገፋት። እሷም በዚያው ዓመት «የሰው ልብ ፈተናዎች» ባለችው ልብ ወለዷ መግቢያ ላይ ለኮቤት ምላሹን ሰጠችው። ጀግንነቷ ደስ ይለናል። ነገር ግን በ1790 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአሜሪካ ወደ 700,000 የሚጠጋ ጥቁር ሕዝብ ባሪያ ነበር። አልጀርስ ያሉትን ነጭ ምርኮኞች እያየ ለነፃነት ያጨበጨበው ተመልካች ከቲያትሩ ወጥቶ በዚያው አገር ጎዳና ላይ ነው የሄደው። ተውኔቱ ይህን አያነሣም። ቤን ሃሰን የሚባለውን አይሁዳዊ ገጸ ባሕርይም በስስትና በተንኮል ብቻ የሳለችው የዘመኑን ጭፍን ጥላቻ እንዳለ ተቀብላ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ አልቆመችም። በ1798 «ሩቤንና ራሔል» በተባለው ልብ ወለድ የኮሎምበስን ዘር ከአገሬው ተወላጆች ጋር እያጋባች ብዙ ትውልድ ታወርዳለች፤ አሜሪካ የአንድ ወገን አገር አይደለችም ማለቷ ነው። በ1805 ባሳተመችው የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ የባሪያ ንግድን አውግዛለች። መድረክ ላይ ያላለችውን ለተማሪዎቿ ብላዋለች።

ረ. ከሻርሎት ወደ ሉሲ

ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣነው ለዚህ ነው። የሮውሰንን የሕይወት ታሪክ በ1870 ያሳተመው ኢላያስ ናሰን እንደሚለው ትምህርት ቤቱ በአንዲት ተማሪ ተከፍቶ ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ አንድ መቶ ደርሰዋል። ከቦስተን ወደ ሜድፎርድ፣ ከዚያ ወደ ኒውተን፣ እንደገና ወደ ቦስተን ተዛወረ። የዘመኑ የልጃገረዶች ትምህርት ጥልፍና ጭፈራ ነበር። ሮውሰን ጥልፉን አልጣለችውም፤ ሙዚቃም አስተምራለች። ግን ጂኦግራፊና ታሪክ ጨመረች። የሚስማማ መማሪያ ስታጣ ራሷ ጻፈች፦ ሁለት የጂኦግራፊ መጻሕፍት፣ የፊደል አጻጻፍ መዝገበ ቃላት፣ የታሪክ መልመጃ። በየዓመቱ ተማሪዎቿ ሕዝብ ፊት ቆመው ድርሰት ያነቡ ነበር፤ ለዚህ የጻፈቻቸውን በ1811 ሰብስባ አሳተመች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ይህ ስለ ትምህርት ነው፤ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» ሊለን ይችላል። የሚያገናኘው የመጨረሻው መጽሐፏ ነው። ሮውሰን ስትሞት አንድ ያልታተመ ልብ ወለድ ትታ ነበር፤ በ1828 «የሻርሎት ልጅ» ተብሎ ወጣ። ባለታሪኳ ያቺ ድሃ ጎጆ ውስጥ የተወለደችው ሕፃን፣ ሉሲ ነች። አድጋ አንድ ወጣት መኮንን ትወዳለች፤ ሊጋቡ ሲሉ ልጁ የሞንትራቪል ልጅ፣ ማለትም የገዛ ወንድሟ መሆኑ ይታወቃል። የአባት ኃጢአት ለልጅ ሲተርፍ ማለት ነው። እናትየው በ1791 ስትጻፍ እንዲህ ያለ መከራ የደረሰባት ሴት መጨረሻዋ ሞት ነበር። ልጅቱ ግን አትሞትም። የራሷ ሀብት አላት፤ ባል አታገባም፤ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ትከፍታለች፤ በዚያም ትኖራለች።

በኛ እምነት የሮውሰን ሥራ ሁሉ የሚነበበው በነዚህ ሁለት መጻሕፍት መካከል ነው። ከ1791 እስከ 1824 ባሉት ዓመታት መካከል አንድ ነገር ተምራለች፤ ተዋናይት ሆና፣ አስተማሪ ሆና፣ ቤት አስተዳድራ። ለሻርሎት ያልሰጠቻትን ለሉሲ ሰጠቻት። የሰጠቻት ነገር ደግሞ ደግ ባል ወይም ይቅር ባይ አባት አይደለም። እንጀራና እውቀት ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ እንደ መጀመሪያው አልተወደደም። የሚያስለቅስ ሞት የለበትም፤ አንዲት ያላገባች አስተማሪ ነች ያለችው። አንባቢው የሞተችዋን መረጠ።

ምርጫው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ኒው ዮርክ መሄድ ነው። በትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ «ሻርሎት ቴምፕል» የሚል ስም የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሕዝብ እየጎረፈ አበባ ያኖርበት፣ ያለቅስበት ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ አሌክሳንደር ሃሚልተን ተቀብሯል፤ ብዙው ጎብኚ ግን ለሻርሎት ነበር የሚመጣው ይባላል። በ2008 ድንጋዩ ተነሥቶ ሲታይ ከሥሩ የቀብር ክፍል አልተገኘም። በልብ ወለድ የተፈጠረች ልጅ መቃብር ተሠራላት ማለት ነው።

በዚህ የሚስቁ አሉ። እኛ አንስቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሻርሎት በሕይወት እንዳልኖረች ባያውቅም እንደሷ ያሉ ልጆችን ያውቅ ነበር። አንዳንዱ እህቱን፣ አንዳንዷ ራሷን ነው ያለቀሰችው። ስለዚህ እንባ ብቻውን ሂስ ባይሆንም እንባን መናቅም ሂስ አይደለም። የሐያሲ ሥራ ያ እንባ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ስንጠይቅ የምናገኘው የተቀደደ ደብዳቤ፣ የተበላ ገንዘብ፣ አንሥቶ ሠረገላ ውስጥ የሚያስገባ ክንድ ነው። ከዚያም ወዲያ አንዲት አስተማሪ ጠመኔ ይዛ ቆማለች።

ከኛ የተለየ ንባብ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። በተለይ «ስብከት ነው» የሚለውን ወገን መልስ ለመስማት እንጓጓለን። ከመጻፉ በፊት ግን ያቺን የሠረገላዋን ምዕራፍ አንድ ጊዜ እንዲያነብልን እንጠይቃለን።